እውነቱን ከተናገርኩ ልጄን ይወስዱብኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ሴት ልጅ ከወለድኩ ሦስት ወር አለፈኝ። ክርስትና ተነስታ ሰዉ ወደየቤቱ ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ፤ ዝም ብዬ አለቅሳለሁ። የልጄ ሐኪም አንድ ቅጽ አስሞላችኝና ወደ ክሊኒካል ሶሻል ወርከር መራችኝ። ቅጹ ራሴን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብኝ እንደሆነ ይጠይቃል። «በፍጹም» አልኩ። አንዳንዴ ግን «ምነው ተኝቼ ባልነቃሁ» እላለሁ። ቀጠሮውን ሁለቴ ሰረዝኩት። ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝን ዲያዚፓም የሚባል የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ኪኒን ማታ ማታ እወስዳለሁ። ሶሻል ወርከሯ ምን ምን ትጠይቀኛለች?

መልስ፦ እህቴ፣ ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ማርያም ማረችዎ። የጻፉልኝ ስለ ጥያቄዎቹ ነው። ያስጨነቀዎ ግን ልጄን ይወስዱብኛል የሚለው ይመስለኛል።

በድብርት ብቻ ልጅ ከእናቱ አይወሰድም። ይህ ወሬ ከቤት ቤት እየዞረ ስንቷን እናት አፏን አስይዟታል! የልጆች ጉዳይ ቢሮ ሠራተኛና እርስዎ የተመሩላት ባለሙያ ሥራቸው ለየቅል ነው። የእርስዎዋ ችግሩን መርምራ ትለያለች፣ በንግግር ታክማለች፤ መድኃኒት አታዝም። የሚነግሯትን በምስጢር ትይዛለች። ምስጢር የማይሆንበት ጊዜ የለም ብዬ ግን አልሸነግልዎትም። ሕፃን እየተጎዳ ወይም ችላ እየተባለ ነው ብላ ከጠረጠረች ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። የሰው ሕይወት አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነም ዝም አትልም። «ምነው ባልነቃሁ» ማለት ልጅ መበደል አይደለም። ይህን ስትሰማ ረጋ ብላ ትጠይቅዎታለች። በምን ያህል ጊዜ ይመጣብዎታል? እንዴት አደርገዋለሁ ብለው አስበው ያውቃሉ? እንዳያደርጉት የያዘዎት ምንድን ነው? ከዚያ አብራችሁ የደኅንነት ዕቅድ ትጽፋላችሁ፤ ሐሳቡ ሲመጣ ለማን እንደሚደውሉ፣ ቤት ያለው መድኃኒት ማን ጋ እንደሚቀመጥ። ልጅዎ የምትጎዳው እርስዎ ሳይታከሙ ሲከርሙ ነው።

የሞሉት ቅጽ ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ድብርት የሚፈትሸው የኤድንበርግ መጠይቅ ሳይሆን አይቀርም። 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ያለፉትን 7 ቀናት ነው የሚጠይቀው። ቅጽ ብቻውን በሽታ አይለይም። ስለዚህ ሌላም ትጠይቃለች፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆነው ያውቁ እንደሆነ፣ ባለቤትዎ ሌሊት ይሠራ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያግዝዎ። አገር ቤት አራስ ብቻዋን አትተውም፤ እርስዎ ግን ብቻዎን ነዎት። ይህንንም ይንገሯት፣ ለዕቅዱ ይጠቅማታል። የአማርኛ አስተርጓሚ ከፈለጉ ቀድመው ይጠይቁ። ባለቤትዎ ወይም ዘመድ አያስተርጉምልዎ፤ በእነሱ ፊት እውነቱ አይወጣም።

ዲያዚፓሙ ግን አናዶኛል። ከጡት ወተት ጋር ወደ ሕፃኗ ያልፋል፤ ልትፈዝ፣ መጥባት ልትሰንፍ ትችላለች። እርስዎም እንቅልፉ ከብዶዎት እሷን አጠገብዎ ካስተኙ አደጋ ነው። ድብርቱንም አያድንም። ሐኪም ያላዘዘውን፣ ያውም አራስ ሆነው! ሳምንታት ከወሰዱ ደግሞ በአንድ ጊዜ አያቁሙት። ዛሬውኑ ለሐኪምዎ ይደውሉ፤ መጠኑን ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚቀንሱ እሷ ትንገርዎ።

አይዞዎት፣ ይህ ሕመም በደንብ ይታከማል። ዕቅዱ ብዙ ጊዜ በየሳምንቱ መነጋገርን ይይዛል። ግቡም ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ ባለቤትዎ አንዱን ጡጦ ይዞ እርስዎ አራት አምስት ሰዓት ሳይቋረጥ እንዲተኙ። መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪም ታዝልዎታለች። ለሚያጠቡ እናቶች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሰርትራሊን ነው፤ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል።

ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰሙ፣ ወይም ልጅዎ የእርስዎ እንዳልሆነች ከታየዎት፣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ 911 ይደውሉ። ራስዎን የመጉዳት ሐሳቡ ከበረታ 988 ይደውሉ፤ ሌሊትም ይሠራል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ለእናቶች ተብሎ የተከፈተውም መስመር 1-833-852-6262 ነው።

ቀጠሮውን ለሦስተኛ ጊዜ እንዳይሰርዙት። ሲሄዱ ኪኒኑን ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ።