የአጎትሽ ውለታና የአንቺ ፕሮፌሰርነት

«ጋሼ፣ ካጎቴ ጋር ልጣላ ነው» ብለሽ ለጻፍሽልኝ ደብዳቤ ነው ይህን የምመልሰው። እዚሁ ጎንደር አምስተኛ ዓመት የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነሽ። የሰሚኮንዳክተር (እንደ ሲሊከን ያሉ፣ ቺፕ የሚሠራባቸው ከፊል አስተላላፊ ቁሶች) ኮርስ ከወሰድሽ ወዲህ ልብሽ እዚያው ቀርቷል፤ ማስተማር፣ ቀስ በቀስም ፕሮፌሰር መሆን ትፈልጊያለሽ። ያስተማሩሽ አጎትሽ ደግሞ አዘዞ ባላቸው የመብራት ዝርጋታ ሥራ እንድትገቢ ይፈልጋሉ። ደመወዙን ብትጠይቂያቸው «ከዘመድ ደመወዝ ይጠየቃል እንዴ?» አሉሽ። እምቢ ስትይ «የበላችበትን ወጪት ሰባሪ» ተባልሽ።

አንጀቴን በላሽው።

ውለታቸው እውነት ነው። የቤት ኪራይ ከፍለውልሻል፣ ላፕቶፕ ገዝተውልሻል። ግን ለባዕድ ኢንጂነር የሚከፍሉትን ደመወዝ ባንቺ ሊቆጥቡ ነው የፈለጉት። ከባድ ቃል ነው፤ ቢሆንም እንደዚያ ነው።

እኔም እንደ ተመረቅሁ ለአንድ ዓመት ብዬ ዘመድ ቤት ገባሁ። አራት ዓመት ቆየሁ። ቱቦ ሲቀበር፣ ቆጣሪ ሲገጠም እየቆምኩ አሠራሁ። ሥራው ክቡር ነው፣ አልንቀውም። ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ስመለስ ግን ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ከእጄ ወጥቶ ነበር። ከሀ ነው የጀመርኩት። ቀና ያደረገኝ በኋላ ያገኘሁት የረዳት መምህርነት ቅጥር ነው።

ስለዚህ የግራጁዌት አሲስታንት፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ረዳት መምህር፣ ቅጥር ማስታወቂያ ሲወጣ ተወዳደሪ። ደመወዙ ትንሽ ነው። ግን ከትምህርቱ ሳትርቂ ትቆያለሽ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም መምህራቸውን ተመልሶ እንዲያገለግል ውል አስገብተው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ይልካሉ። ከመጀመሪያው ደመወዝሽ ጀምሮ ለአጎትሽ በየወሩ የተወሰነ ብር ስጪ። መጠኑን አንቺ ወስኚ።

ውጤትሽ 3.2 ነው ብለሽ አትፍዘዢ፤ የቀሩትን ኮርሶችና የመውጫ ፈተናውን ጠበቅ አድርጊ።

«ፊዚክስ ልግባ ወይስ እዚሁ ልቆይ?» ላልሽው ከትራንዚስተር ፈጣሪዎች አንዱን፣ አሜሪካዊውን ጆን ባርዲንን እዪ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪውን ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ያዘ። የነዳጅ ኩባንያ ሥራውን ትቶ ፕሪንስተን ሒሳባዊ ፊዚክስ ተማረ። ቤል ላብ የሚባለው የስልክ ኩባንያ ምርምር ተቋም ሲገባ፣ ባልደረባው ሾክሌይ በሰሚኮንዳክተር ያቀደው የኤሌክትሪክ ምልክት ማጉያ አልሠራ ብሎ ነበር። ኤሌክትሮኖች የሰሚኮንዳክተሩ ገጽ ላይ ተይዘው የኤሌክትሪክ መስኩን ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ እንደሚከልሉት ያስረዳው ባርዲን ነው። በዚያው መንገድ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1947 ከባልደረባው ብራተን ጋር ጀርማኒየም በሚባል ሰሚኮንዳክተር የመጀመሪያውን ትራንዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያጎላውን ትንሽ መሣሪያ፣ ሠሩ። በ1951 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሁለቱም፣ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግና የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። አንቺም መምረጥ የለብሽም፤ ኳንተም ሜካኒክስና ሶሊድ ስቴት ፊዚክስ ጨምረሽ ውሰጂ።

የቺፕ መሥሪያ ላብ የለንም፣ ልክ ነሽ። የቁሶችን የኤሌክትሮን ባሕርይ የሚያሰላው ኳንተም ኤስፕሬሶ የሚባለው ፕሮግራም ግን በነፃ ይወርዳል። የሲሊከንን ባንድ ጋፕ (ኤሌክትሮን ተላቅቆ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ የሚያስፈልገውን ጉልበት) በላፕቶፕሽ አስልተሽ 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ከሚለው የላብ ልኬት ጋር አስተያዪው። የስሌቱ ውጤት ከልኬቱ ለምን ዝቅ ብሎ እንደሚመጣ መመርመር ራሱ ለመመረቂያ ጽሑፍ ጥሩ መነሻ ነው።

አጎትሽን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና ላይ አነጋግሪያቸው። እናትሽም ይኑሩ። የባርዲን ተማሪ የነበረውን ኒክ ሆሎንያክን ንገሪያቸው። አባቱ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ (ከሰሚኮንዳክተር የተሠራ ብርሃን ሰጪ) ሠራ፤ ቀጥሎ ኢሊኖይ ተመልሶ ፕሮፌሰር ሆነ። አጎትሽ ዛሬ በየሕንፃው የሚገጥሙት የኤልኢዲ አምፖል ከዚያ ዘር የመጣ ነው።