ኳሱ ላይ ያለው ፊርማ የጃንሆይ ነው? ከወሎ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ደሴ ላይ አሮጌ ፎቶ፣ ደብዳቤና የስፖርት ዕቃ መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን መሪ ወይም ባለሥልጣን የፈረመበት ኳስና ማልያ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከኮምቦልቻም ከወልዲያም ብዙ ጥያቄ መጣ። አንድ በአንድ እነሆ።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ አያቴ ያስቀመጡት የቆዳ ኳስ አለን። "ጃንሆይ ፈርመውበታል" ይሉ ነበር። በሰማያዊ ቀለም ነው የተፈረመው። እውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ለጊዜው ፊርማውን ተወው፣ ኳሱን እይ። ጃንሆይ የነገሡት በ1923 ነው። ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። ኳሱ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ። አፉ በጠፍር የሚታሰር ቡናማ ኳስ ከሆነ ከዘመኑ ጋር ይሄዳል። ከ32 ጥቁርና ነጭ ቁራጮች የተሰፋ ከሆነ ግን ጠንቀቅ በል። ያ መልክ በዓለም የታወቀው በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ፣ በእኛ 1962 ላይ ነው። ከዚያ እስከ 1967 ያለው ጊዜ ጠባብ ነው።

ቀጥሎ ማጉያ መነጽር ያዝ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል። አሮጌ ቆዳ ይሰነጠቃል። ፊርማው ቆዳው ደህና ሳለ የተጻፈ ከሆነ ስንጥቁ መስመሩን ቆርጦት ያልፋል፣ ስንጥቁ ውስጥም ቀለም አይኖርም። ቆዳው ከተሰነጠቀ በኋላ የተጻፈ ከሆነ ግን ቀለሙ ወደ ስንጥቁ ገብቶ ታገኘዋለህ። እኔ ብዙ ፎርጅድ የያዝኩት በዚህች ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ፊርማው ና። ጃንሆይ በራሳችን ፊደል ይፈርሙ ነበር። አዲስ አበባ ስትሄድ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ጎራ በልና በዘመኑ ሰነዶች ላይ ያለውን ፊርማቸውን ጠይቀህ እይ። አንድ ብቻ አትይ፣ አምስት ስድስት እይ። የሰው እጅ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይለያያል። አስመስሎ የሚጽፍ ሰው ግን እየቀዳ ስለሆነ እጁ ይዘገያል። መስመሩ ይንቀጠቀጣል። እስክሪብቶው መነሳት በማይገባው ቦታ ይነሳል። የፈጣን እጅ መጨረሻ እየቀጠነ ይጠፋል፣ የቀጂ መጨረሻ ግን ሳይቀጥን በድንገት ይቆማል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ፣ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ የሰጡት ጃንሆይ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ቤት ያለ ኳስ "የዚያን ቀን ነው" ይባላል። ጃንሆይ ዋንጫ ሰጡ ማለት ግን ኳስ ፈረሙ ማለት አይደለም። አያትህ የት ሆነው እንዳገኙት ቤተሰቡን ጠይቅ።

ከሐይቅ፦ እኔ ያለኝ ዕቃ ፊርማ የለውም፣ ክብ ማህተም ግን አለው። አይበቃም?

አይበቃም። ማህተም የመሥሪያ ቤት ነው፤ ጸሐፊውም ይመታዋል። ዕቃው በዚያ ቢሮ እንዳለፈ ይናገር ይሆናል። ባለሥልጣኑ በእጁ እንደነካው ግን አይናገርም።

ከኮምቦልቻ፦ ውጭ ያለ ወንድሜ ማንዴላ የፈረሙበት የደቡብ አፍሪካ ራግቢ ማልያ ገዛልኝ፣ 6 ቁጥር ነው። ሰርተፍኬት አለው። ልመነው?

እህቴ፣ 6 ቁጥርን ሁሉም ሰው የሚፈልገው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ማንዴላ የአምበሉን የፍራንሷ ፒናርን 6 ቁጥር ለብሰው ሜዳ ወጡ። ተፈላጊ ነገር ደግሞ አስመሳይ አያጣም።

ሰርተፍኬት ወረቀት ነው። ፊርማውን አስመስሎ የጻፈ ሰው ወረቀቱን ማተም አያቅተውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካው ኤፍቢአይ "ኦፕሬሽን ቡልፔን" ብሎ በጀመረው ምርመራ ትልቅ የሐሰት ፊርማ መረብ ያዘ። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል ማዘር ቴሬዛ ፈረሙበት የተባለ የቤዝቦል ኳስ ሳይቀር ነበረበት። ለሻጭ ሰርተፍኬት ማቅረብ ቀላል ነው።

ስለዚህ ሰርተፍኬቱን የሰጠው ማን እንደሆነ እዪ። ሻጩ ራሱ ከሆነ ዋጋ የለውም። እንደ ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤ ወይም ቤኬት ያለ ፊርማ የሚያጣራ ሦስተኛ ወገን ከሆነ ሰርተፍኬቱ ቁጥር አለው። ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ራስሽ አስገቢ። የሚወጣው መግለጫ ከእጅሽ ካለው ማልያ ጋር ይግጠም። ሻጩ በላከልሽ ሊንክ ግን አትግቢ።

ከወልዲያ፦ የአንድ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፊርማ ያለባቸው ሁለት የስፖርት ፎቶዎች አሉኝ። ፊርማዎቹ ቁርጥ አንድ ናቸው። ጥሩ ምልክት ነው አይደል?

ወንድሜ፣ መጥፎ ምልክት ነው። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ ልክ አንድ ዓይነት አይፈርምም። ሁለቱን ደራርበህ ወደ ብርሃን ያዛቸው። ፀጉር ታህል ልዩነት ከሌላቸው ወይ ታትመዋል፣ ወይ አውቶፔን የሚባለው ማሽን ፈርሟቸዋል። የፕሬዚዳንቶቹ ቢሮዎች ማሽኑን ለብዙ ዓመት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የማሽን መስመር ከዳር እስከ ዳር እኩል ይወፍራል። በማጉያ ስታየው ቀለሙ በጥቃቅን ነጠብጣብ ከተሠራ ደግሞ ኅትመት ነው።

በእጅ የተፈረመም አለ። ፕሬዚዳንት ታፍት እ.ኤ.አ. በ1910 የቤዝቦሉን ወቅት ኳስ ወርውረው ከፈቱ። ዋልተር ጆንሰን የተባለው ተጫዋች ያንኑ ኳስ ልኮ አስፈረማቸው። መቼ፣ የት፣ በማን እጅ እንዳለፈ የሚታወቅ ፊርማ ማለት ይህ ነው።

ከመርሳ፦ የጆርጅ ዊሃ ፊርማ ያለበት የሚላን ማልያ እንደ ፖለቲከኛ ፊርማ ይቆጠራል?

በሁለቱም ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ባሎንዶር ወሰደ፤ ከ2018 እስከ 2024 የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ነበር። ስታመሳክር ግን ዘመኑን ለይ። የተጫዋችነት ፊርማን ከተጫዋችነት፣ የቤተ መንግሥትን ከቤተ መንግሥት ጋር።

ከደሴ፦ ፊርማው እየደበዘዘ ነው። በእስክሪብቶ ላድምቀው? ወይስ ላሚኔት ላስደርገው?

ሁለቱንም አታድርጊ፣ በእናትሽ! የተደመቀ ፊርማ ካንቺ እጅ እንጂ ከሰውዬው እጅ አይቆጠርም። ላሚኔት ደግሞ ሙቀትና ሙጫ ነው፤ አንዴ ከተጣበቀ አይላቀቅም። ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ አውርጂው። ደሴ ላይ ሌላው ችግር እርጥበት ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ሲገባ ቆዳና ወረቀት ይሻግታል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ በካርቶን ሣጥን አስቀምጪ።

ከላሊበላ፦ ፊርማ ያለበትን ዕቃዬን አንድ ፈረንጅ ልግዛህ ብሎኛል። ልሽጥለት?

አሁን አትሽጥ። መጀመሪያ ምን እንደያዝክ እወቅ። ቅርስ ከሆነ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳይ።

ከወልዲያ፦ በጦርነቱ ጊዜ ቤታችን ሲዘረፍ ማልያው ተረፈ፣ ሲፈረም የተነሳው ፎቶ ግን ጠፋ። የሚያውቀው አጎቴ ብቻ ነው። እሱም አርጅቷል። ምን ላድርግ?

ይሄ ጥያቄ ልቤን ነካው። ፎቶው ባይኖርም ያየ ሰው አለ። አጎትህ ዘንድ ሂድ። ስልክህን ቅረጽ ላይ አድርግና ዝም ብለህ አስወራው። "እገሌ ነው የፈረመው አይደል?" አትበለው፤ መልሱን አንተ ታስይዘዋለህ። "ያን ቀን ምን ሆነ?" በለው። ማን ቆሞ ነበር፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ እስክሪብቶውን ማን አቀበለ፣ ማልያውስ ከዚያ ወዲህ እነማን ቤት ዞረ? የተናገረውን በወረቀት ጻፍ፣ ቀኑን አኑር፣ አስፈርመው። አብሮት የነበረ በሕይወት ካለ እሱንም ለብቻው ጠይቅ። የሁለቱ ቃል ከገጠመ ጠንካራ ማስረጃ ይዘሃል።

ነገ አትበል። ዛሬ ማታ ሂድ።