«ገጹን ሳልጨርስ መዝገበ ቃላቱ አደከመኝ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ እንግሊዝኛን በንባብ

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ሳቢያን ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ደርሻለሁ። የእንግሊዝኛ ቃላት ችሎታዬን ላሳድግ ብዬ የቻርልስ ዲክንስን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ጀመርኩ። የማላውቀውን ቃል ሁሉ ደብተር ላይ እየጻፍኩ በሦስት ሳምንት 40 ገጽ ደረስኩ። ደብተሩ ውስጥ ከ600 በላይ ቃል አለ፤ ዛሬ ብትጠይቁኝ ግን 50ውን እንኳ በትክክል አልመልስም። መጽሐፉ ነው የከበደኝ ወይስ አያያዜ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ሁለቱም አሉበት፤ የሚብሰው ግን አያያዝህ ነው። በ21 ቀን 600 ቃል ማለት በቀን ወደ 30 አዲስ ቃል ነው። ያን ያህል ጽፎ፣ ዞር ብሎ ሳያየው በማግስቱ ሌላ 30 የሚጨምር ሰው የቀደመውን ቢረሳ አይገርምም። ጭንቅላትህን አትውቀስ።

ስለ መጽሐፉ ክብደት የሚነግረን ሌላው ቁጥር ነው፤ በ40 ገጽ 600 ቃል፣ በገጽ 15 ማለት ነው። ፖል ኔሽንን የመሳሰሉ የቃላት ትምህርት ተመራማሪዎች፣ አንድ አንባቢ ያለ ረዳት እንዲገባው ከሚያነበው 98 በመቶውን ቃል ማወቅ አለበት ይላሉ። 300 ቃል ባለው ገጽ ላይ የማይታወቁት ከ6 መብለጥ የለባቸውም ማለት ነው። 15 ሲሆኑ 95 በመቶ ላይ ነህ፤ ታሪኩን ትከተላለህ፣ ግን በልፋት። ስለዚህ መጽሐፉን አትጣለው። ከመሀል ሦስት ገጽ ክፈትና የማታውቃቸውን ቃላት ቁጠር። አማካዩ ከ15 በላይ ከሆነ ግን ለጊዜው አስቀምጠውና የጆርጅ ኦርዌልን «አኒማል ፋርም» አንብብ። እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣ፣ 10 ምዕራፍ ብቻ ያለው፣ ወደ 30 ሺህ ቃል የሚሆን መጽሐፍ ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹም ቀጥ ያሉ ናቸው። የዲክንሱ ከ180 ሺህ ቃል በላይ አለው።

አሁን ወደ አያያዙ። አንድን ምዕራፍ መጀመሪያ ያለ መዝገበ ቃላት አንብብ። የማታውቀው ቃል ሲመጣ ከኅዳጉ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርግና እለፍ። አንዳንዱ ቃል ሦስት መስመር ወረድ ሲል ራሱ ይገለጥልሃል። ምዕራፉ ሲያልቅ ወደ ነጥቦቹ ተመለስና አምስት ብቻ ምረጥ፤ በምዕራፉ ውስጥ ደጋግሞ የመጣውን፣ ካልገባህ ታሪኩ የሚዘጋብህን፣ ነገ በራስህ ጽሑፍ ልትጠቀምበት የምትችለውን። ሌላውን ተወው። ቢያናድድህም ተወው፤ አስፈላጊ ቃል ከሆነ ተመልሶ ይመጣል። «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 1860 እስከ ነሐሴ 1861 በየሳምንቱ እየተቆራረጠ በመጽሔት የወጣ ስለሆነ 59ኙ ምዕራፎች አጫጭር ናቸው። በሳምንት አምስት ምዕራፍ ብታነብ በ12 ሳምንት ታልቃለህ፤ በእጅህም ወደ 300 የሚጠጋ በደንብ የተያዘ ቃል ይኖርሃል። ድሬ ላይ ከሰዓት ሙቀቱ አያስነብብም፤ ንባቡን ማለዳ አድርገው፣ ካርዱን ማታ።

ካርድ ያልኩት ደብተሩን ስለሚተካ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ እጠፍና ቁረጠው፣ ስምንት ካርድ ይወጣዋል። ከፊቱ ቃሉን አትጻፍ። ቃሉ የነበረበትን ዓረፍተ ነገር ጻፍና የቃሉን ቦታ ባዶ ተው፤ ቃሉን ከጀርባው አስቀምጠው። ቃሉን ፊት ለፊት ጽፎ ትርጉሙን መጠየቅ ማወቅህን ብቻ ነው የሚፈትነው። ባዶውን ቦታ መሙላት ግን ቃሉን ከራስህ ያስወጣሃል፤ ስትጽፍና ስትናገር የሚያስፈልግህም ይኸው ነው። ከጀርባው ላይ የአማርኛ ፍቺውን፣ ዘመድ ቃላቱን፣ አብሮት የሚሄደውን ቃል ጨምር።

የአማርኛ ፍቺው ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ግላንስ፣ ግሊምፕስ፣ ጌዝ፣ ስቴር፣ ግሌር፣ ፒር የሚሉትን በችኮላ ብትተረጉም ስድስቱም «አየ» ወይም «ተመለከተ» ይሆኑብሃል። ከዚያ በኋላ አንዱ ከሌላው አይለይም። አማርኛችን ግን እንዲህ ድሃ አይደለም። ግላንስ ገረፍ አድርጎ ማየት ነው። ግሊምፕስ በጨረፍታ የታየ ነገር ነው፤ ግላንስ ስታደርግ አንተ ፈልገህ ነው፣ ግሊምፕስ ግን ነገሩ ራሱ ብልጭ ብሎብህ ያልፋል። ጌዝ ተመስጦ፣ ትክ ብሎ ማየት ነው። ስቴር ማፍጠጥ ነው፣ ግሌር በቁጣ መገላመጥ ነው። ለፒር አንድ ቃል አላገኘንለትም፤ በጨለማ ወይም በሩቅ ያለን ነገር ለመለየት ዓይንን ጠበብ አድርጎ መመልከት ነው፤ ካርድህ ላይ እንዲሁ አብራርተህ ጻፈው። አረማመድም እንደዚያው ነው። ስትሮል መንሸራሸር፣ ሊምፕ ማነከስ፣ ትራጅ በድካም እግርን እየጎተቱ መሄድ። «ሄደ» ብለህ ከጻፍክ ጸሐፊው ለፍቶ የመረጠውን ቃል ጥለኸዋል።

የአየሩንም ቃላት በምታውቀው አገር ላይ አስቀምጣቸው። ፎግ ጉም ነው። ሄዝ ግን ከሙቀትና ከአቧራ የሚመጣ መደብዘዝ ነው፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከደንገጎ ላይ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ያየ ሰው ሄዝ ምን እንደሆነ ተርጓሚ አያስፈልገውም።

የምታውቀው የሚመስልህ ቃል ከማታውቀው ይበልጥ ያታልልሃል፣ ምክንያቱም ነጥብ አታደርግበትም። በዲክንሱ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ያመለጠው እስረኛ ባለታሪኩን ልጅ ፋይል አምጣልኝ ይለዋል። ፋይል ሲባል የቢሮ መዝገብ ከታየህ ታሪኩ ትርጉም ያጣል፤ እስረኛው የፈለገው የእግሩን ብረት የሚቆርጥበት ሞረድ ነው። የመጽሐፉ ርእስም እንደዚሁ ነው። «ኤክስፔክቴሽንስ» እዚያ ወደፊት የሚወረስ ሀብትን ያመለክታል፤ ተራውን «የሚጠበቅ ነገር» ብቻ ይዘህ ብትሄድ ግማሹን ታጣለህ። ዋንት የሚለው ግስ በድሮ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ «ፈለገ» ሳይሆን «ጎደለው» ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉም ቃሉ የሚታወቅ ሆኖ ሳይገባህ ከቀረ እንዲህ ያለ ቃል ተደብቆበታል ብለህ ጠርጥር።

በተቃራኒው ደግሞ ካርድ የማይገባቸው አሉ። ዲክንስ ያልተማሩ ሰዎችን ሲያናግር አነጋገራቸውን እንደ አፋቸው ነው የሚጽፈው። እስረኛው «ዊትልስ» ይላል፤ ቃሉ «ቪትልስ» ነው፣ ምግብ ማለት ነው፣ እስረኛው ቭን ወደ ው ለውጦት ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለው አንጥረኛ ጆ ደግሞ ቃላትን እያጣመመ ይናገራል። እነዚህን ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብባቸው፤ ጆሮ ብዙውን ይፈታዋል። በመዝገበ ቃላት ስታስስ ግን አትዋል።

ለካርዶቹ የጫማ ካርቶን ፈልግና በወፍራም ወረቀት አምስት ቦታ ክፈለው። አዲስ ካርድ አንደኛው ክፍል ይገባል፤ እሱ በየቀኑ ይታያል። የመለስከው ወደ ሁለተኛው ያልፋል። ሁለተኛው በየ2 ቀኑ፣ ሦስተኛው በየ4 ቀኑ፣ አራተኛው በየ8 ቀኑ፣ አምስተኛው በየ16 ቀኑ ይታያል። የተሳሳትከው ካርድ የትም ይሁን የት ወደ አንደኛው ይመለሳል። በቀን አምስት አዲስ ቃል እያስገባህ ክለሳው ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። አንኪ የሚባለው የስልክ መተግበሪያም በተመሳሳይ ሐሳብ ይሠራል፤ በአንድሮይድ ነጻ ነው። ሁለት ሳምንት ታመህ ወይም ፈተና ይዞህ ካርዱ ቢከማች ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክር። አዲስ ቃል ማስገባቱን አቁምና በቀን 30 ካርድ እያየህ አቅልለው።

በመጨረሻም ከእያንዳንዱ ካርድ ጥግ ላይ «ለማወቅ» ወይም «ለመጠቀም» ብለህ ጻፍ። የሎንግማን ወይም የኦክስፎርድ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት «ሊተራሪ» ወይም «ኦልድ ፋሽንድ» የሚል ምልክት ካደረገበት፣ ቃሉ ለማወቅ ብቻ ነው። በሥራ ማመልከቻ ላይ የ1860ዎቹን ቃል ብትከት አንባቢው ግራ ይጋባል። ሎንግማንን በተለይ የምንመክረው ፍቺዎቹ የተጻፉት ወደ 2 ሺህ በሚጠጉ ቀላል ቃላት ስለሆነ ነው፤ ፍቺውን ለመረዳት ሌላ ፍቺ አያስፈልግህም።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ጀጎል አካባቢ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከአንድ የታወቀ የዲክንስ ልብ ወለድ አንድ ምዕራፍ ላስነብባቸው አስቤአለሁ፤ ያለኝ ግን አንድ መጽሐፍ ነው። ፎቶ ኮፒ ማድረግ ይፈቀዳል? ትርጉሙንስ በየትኛው ቋንቋ ልስጣቸው? ቤት ሐረሪ፣ ገበያ ኦሮምኛ፣ እዚህ አማርኛ የሚናገሩ አሉ።

መልስ፦ መምህር፣ ዲክንስ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1870 ነው፤ የድርሰቱ የባለቤትነት መብት ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የአሁን አሳታሚዎች የጨመሩት መግቢያና የግርጌ ማስታወሻ ግን የራሳቸው ነው፤ እሱን አያባዙ። ንጹሑን ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1971 ከተጀመረው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ከፕሮጀክት ጉተንበርግ በነጻ አውርደው ያትሙት። ሥዕል የሌለበት ፋይል ትንሽ ስለሆነ አንዴ ካወረዱት ኔትወርክ ቢጠፋም ስልክዎ ላይ ይነበባል።

ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንዲህ ቢያደርጉት ጥሩ ነው፦ 8 ደቂቃ እርስዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፣ ወረቀታቸው ተገልብጦ ይቀመጥ። 12 ደቂቃ ተማሪዎቹ የማያውቁት ቃል ላይ በእርሳስ ነጥብ እያደረጉ በጸጥታ ያንብቡ። 15 ደቂቃ በአምስት በአምስት ሆነው ከነጥቦቻቸው አምስት ቃል ይምረጡ፤ ለምን እንደመረጡ መከራከራቸው ከፍቺው የበለጠ ያስተምራቸዋል። በቀሪው 5 ደቂቃ በየቃሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ቃላቱን አስቀድመው በሰሌዳ ጽፈው አይስጧቸው፤ ያኔ ልጆቹ ምዕራፉን ትተው ዝርዝሩን ይሸመድዳሉ።

ፍቺውን ቃሉ በትክክል በሚቀመጥበት ቋንቋ ይስጡ። አንዱ ቃል በኦሮምኛ ቁልጭ ይላል፣ ሌላው በሐረሪ፤ ሦስቱንም ከተማሪዎቹ አፍ ይቀበሉ። ዓረብኛ የቀሰሙ ልጆች ደግሞ ሌላ መንገድ ይከፍቱልዎታል። ለምሳሌ ማጋዚን የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1719 በወጣው «ሮቢንሰን ክሩሶ» ውስጥ የሚነበብ መጽሔት አይደለም፤ የዕቃ ክምችት ነው። የእኛ መጋዘንም ሆነ የእንግሊዞቹ ማጋዚን መነሻቸው ማከማቻ ማለት የሆነው የዓረብኛው መኽዘን ነው። ይህን አንዴ የሰማ ልጅ ቃሉን አይረሳውም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የእኛ ፊደል ብዙውን እንደተጻፈ ስለሚነበብ ልጆቹ እንግሊዝኛውንም ፊደል በፊደል ያነቡታል። «ሰትል» የሚባለውን ቃል «ሰብትል» ይሉታል፤ «ከርነል» መባል ያለበትን የጦር ማዕረግ «ኮሎኔል» ይሉታል። «ገና» ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ በዓሉና «አሁንም» ማለቱ እንደሚለይ ያስታውሷቸው፤ ጽሕፈት ሁሉን ድምፅ እንደማያሳይ ከራሳቸው ቋንቋ ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች መጻሕፍትን የሚያነቡባቸው የሊብሪቮክስ የድምፅ ቅጂዎች ነጻ ናቸው። የአንባቢዎቹ ጥራት ስለሚለያይ ለክፍል ከመውሰድዎ በፊት አምስት ደቂቃ ሰምተው ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ ለገሃር። ከሦስት ወር በኋላ የአይኤልትስ አካዳሚክ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና እወስዳለሁ። ልብ ወለድ ማንበብ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ ለሦስት ወር ልብ ወለዱን አስቀምጪው። የፈተናው ምንባቦች ስለ ሳይንስ፣ ታሪክና ማኅበረሰብ የሚያስረዱ ጽሑፎች ናቸው፤ ቃላቸውም ሌላ ነው። አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃላት ቤተሰቦች፣ ማለትም ከአንድ ቃል የሚወጡ ዘመድ ቃላት ስብስቦች አሉት። በቀን ሰባት ብትይዢ በ82 ቀን ታልፊዋለሽ፤ የቀረሽን ሳምንት ለክለሳ ተጠቀሚበት። ቃሎቹን ከዝርዝሩ ብቻ አትሸምድጂ። በየቀኑ አንድ የሚያስረዳ ጽሑፍ አንብቢና እዚያ ያገኘሻቸውን አስምሪባቸው። ካርዱና የጫማ ካርቶኑ ከላይ ለወንድማችን እንደገለጽነው ይሁን።