የውሃ ቀለም ዳራ ኮምቦልቻ ላይ ለምን ጠርዝ ያወጣል?

ከኮምቦልቻ የጻፉልን ጠያቂ የውሃ ቀለም ሥዕል የተማሩት ደሴ ነው። ጥያቄያቸው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ደሴ ሳለሁ ወረቀቱን አርጥቤ ቀለም ሳስነካው በራሱ ጊዜ እየተስፋፋ ይደበዝዝልኝ ነበር። ሥራዬ ወደ ኮምቦልቻ ከተዛወረ ወዲህ ግን በዚያው ቀለም፣ በዚያው ብሩሽና በዚያው ወረቀት ስሠራ ዳራው ላይ ጥርት ያለ ጠርዝ ይወጣል፤ ለማስተካከል ስመለስበት ደግሞ አበባ ጎመን የሚመስል እድፍ ይፈጠራል። አሁን የያዝኩት ሥዕል ፊት ለፊቱ አደይ አበባ፣ ከኋላው በጭጋግ የደበዘዘ የየጎፍ ተራራ ነው። ብሩሼን ልቀይር ወይስ የምሳሳተው ሌላ ነገር አለ?»

ብሩሽዎን ለጊዜው ይተዉት፤ የተቀየረው አየሩ ነው። ከደሴ ተነሥተው ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ ወደ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብለዋል። አየር በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚሞቅ፣ በከፍታው ልዩነት ብቻ 4 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ ሞቃት አየር ደግሞ ከቀዝቃዛው የበለጠ ተን የመሸከም አቅም አለው። ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚያንስ ውሃ ቶሎ መትነን ያለበት ደሴ ላይ ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ነገሩ በመርሕ ደረጃ እውነት ነው፤ ሆኖም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከሙቀቱ፣ ከአየሩ እርጥበትና ከነፋሱ ጋር ሲወዳደር ሚዛን አይደፋም። ስለዚህ እጅዎ ደሴ ላይ የለመደው የጊዜ ልክ ኮምቦልቻ ላይ ያጥርብዎታል።

የጠቀሷቸው ሁለት እንከኖች መልካቸው ቢቀራረብም ምክንያታቸው የተለያየ ነው። ጥርት ያለው ጠርዝ የሚወጣው ቀለሙ ከማረፉ በፊት ወረቀቱ ስለደረቀ ነው። በደረቅ ወረቀት ላይ ያረፈ ባለቀለም ውሃ ከመሃሉ ይልቅ ዳር ዳሩ በቶሎ ይተናል፤ በዳር የጎደለውን ለመተካት ከመሃል የሚፈሰው ውሃም የቀለሙን ቅንጣት ይዞ ሄዶ ጠርዙ ላይ ያራግፈዋል። ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ የቡና ጠብታ ሲደርቅ ዙሪያውን ጠቆር ያለ ቀለበት የሚተወው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሠራሩን በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አብራርተውታል። አበባ ጎመኑ ግን የሚመጣው ወረቀቱ ሳይደርቅ ነው። የተቀባው ቀለም ግማሹ ሰርጎ ግማሹ ገና እርጥብ ሳለ፣ ከእርሱ የበለጠ ውሃ የያዘ ብሩሽ ወይም አንዲት ጠብታ ከነካው ትርፉ ውሃ ወደ ደረቅ ወዳለው አቅጣጫ ይገፋል፤ ሲገፋም ወረቀቱን ጠንክሮ ያልያዘውን ቀለም ጠርጎ ይወስድና በቆመበት ቦታ የተሰነጣጠቀ ጥቁር መስመር ያሰምራል። «ለማስተካከል ስመለስበት» ማለትዎ የሚያሳየው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ በሰዓት ከመመራት ይልቅ የወረቀቱን ወዝ ማንበብ ይልመዱ። ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ ካረጠቡ በኋላ ራስዎን ዝቅ አድርገው፣ በመስኮቱ ብርሃን ትይዩ፣ ገጹን በአግድም ይመልከቱት። መጀመሪያ ውሃው ከላይ ስለሚቆም የመስኮቱ ቅርጽ ሳይቀር ይታይበታል፤ በዚህ ጊዜ የሚጣል ቀለም ወዳዘነበለበት ይፈስሳል እንጂ ቅርጽ አይይዝምና ትርፉን ውሃ በተጨመቀ ብሩሽ ይሰብስቡት። ቀጥሎ የመስኮቱ ምስል ይጠፋና ገጹ ሁሉ ወጥ የሆነ ወዝ ይዞ የወረቀቱ ሸካራነት ከሥሩ ብቅ ማለት ይጀምራል። ሰማዩ፣ የተራራው ጅምላና የሩቁ ዛፍ የሚጣሉት ያን ጊዜ ነው። ወዙ እየሞተ ሄዶ በስሱ ብቻ ሲቀር የቀለሙ መስፋፋት ይገታል፤ እዚህ ላይ ወፈር ያለ ቀለም በተጨመቀ ብሩሽ ካኖሩ ጠርዙ ለስላሳ፣ ቅርጹ ግን ተለይቶ የሚታወቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወዙ ጨርሶ ይጠፋል። ወረቀቱ የደረቀ ይመስላል፤ የእጅዎን ጀርባ ቢያስጠጉት ግን ይቀዘቅዛል። አበባ ጎመን የሚወለደው በዚህ ደረጃ ስለሆነ፣ ምንም ያህል የሚያስቆጭ ነገር ቢታይዎት ብሩሹን አስቀምጠው ከጠረጴዛው ይነሡ። ደሴ ላይ ወዙ ወጥ ከሆነበት ደረጃ እስከ ቀዝቃዛው ደረጃ ያለው ጊዜ ረዘም ስለሚል ሰው ሳያውቀው በትክክለኛው ሰዓት ይሠራል፤ ኮምቦልቻ ላይ፣ በተለይ በበጋ እኩለ ቀን፣ ሰማዩን ጨርሰው ወደ ተራራው ሳይዞሩ ጊዜው ያልፍብዎታል።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ፣ ብሩሹ ሁልጊዜ ከወረቀቱ ያነሰ ውሃ መያዝ አለበት የሚል ነው። ወረቀቱ እየደረቀ በሄደ ቁጥር ብሩሹ ከእርሱ ቀድሞ መድረቅ ይኖርበታል። ብዙ ተማሪዎች ይህን እያወቁ የሚሰናከሉት በትንሽ ነገር ነው፤ የታጠበውን ብሩሽ ጫፉን ብቻ በሶፍት ያደርቁትና ጸጉሩ ከብረቱ በሚገናኝበት አንገት ላይ የተጠራቀመው ውሃ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ወደ ጫፉ ወርዶ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሶፍቱን አጥፈው የብሩሹን አንገት ይያዙበት፤ ውሃው መምጣቱን ሲያቆም ቀለም ያስነኩት። ቀለሙንም ወረቀቱን ከማርጠብዎ በፊት በጥብጠው ይጨርሱ፤ ለሰማዩ ብሩሹ ሲነሣ የሚንጠባጠብ፣ ለተራራው በቀስታ የሚወርድ፣ ለቅርቡ ቅጠልና ጥላ ጨርሶ የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። ወረቀት ላይ ያለው ውሃ ራሱ ቀለሙን ስለሚያቀጥነው ሲደርቅ በግልጽ ይደበዝዛል፤ ሲያኖሩት ትንሽ የበዛ ካልመሰለዎት ሲደርቅ ያነሰ ሆኖ ያገኙታል።

ጊዜውን ለማስረዘም ዋናው ዘዴ ወረቀቱን ከሁለቱም ወገን ማርጠብ ነው። አስቀድመው ጀርባውን በሰፊ ብሩሽ ያርጥቡና ለጥ ባለ መስታወት ወይም በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ገልብጠው ያስቀምጡት፤ ከሥር አየር ታፍኖ እንዳይቀር ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍዎ ያስወጡ፤ ከዚያ ፊቱን ያርጥቡ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቀው ውሃው ሲሰርግ ይድገሙት። የጀርባው ውሃ የሚተንበት መውጫ ስለሌለው ፊቱ በጎደለ ቁጥር ከሥር እየተተካ ይቆያል፤ ወረቀቱም መስታወቱ ላይ ስለሚለጠፍ አይኮማተርም፣ በጎድጓዳው ውስጥ ውሃ እየቆመ የሚያስቸግረውም ነገር አብሮ ይቀራል። ይህን ኮምፔንሳቶ ላይ አይሞክሩት፤ እንጨቱ ውሃውን ይጠጣዋል። ቬንትሌተሩን ማጥፋት፣ ነፋስ የሚገባበትን መስኮት መዝጋትና ዳራውን በጠዋት መሥራት ወጪ የሌለባቸው መፍትሔዎች ናቸው። የፀጉር ቤት ውሃ መርጫም ይረዳል፤ ግን ወረቀቱ ገና ወዝ ሳለው፣ ራቅ ተብሎ፣ በጉም መልክ ሲረጭ ነው፤ ትልልቅ ጠብታ ከወደቀ እያንዳንዱ አንድ አበባ ጎመን ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪን በማርጠቢያው ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ ቢጨመር መድረቁን ያዘገያል፤ ሲበዛ ግን ሥዕሉ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆኖ ስለሚቀር እኔ የመጨረሻ አማራጭ አድርጌ ነው የማየው።

ወደ ያዙት ሥዕል ስንመጣ፣ የአደይ አበባው ቢጫ ሥሩን የሚያሳይ ቀለም ስለሆነ በሰማያዊ ዳራ ላይ ቢደረብ አረንጓዴ ይሆናል እንጂ ቢጫ ሆኖ አይወጣም። የአበባው ቦታ ነጭ ሆኖ መቆየት አለበት። ለዚህ የሚያገለግል፣ ከጎማ የሚሠራ መሸፈኛ ፈሳሽ አለ፤ ካገኙት በደረቅ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀቡት፣ ጸጉሩ ተጣብቆ እንዳይቀርም ብሩሹን አስቀድመው ሳሙና ያስነኩት። እኔ ግን ለእንዲህ ያለ ሥዕል አልመርጠውም፤ የሚተወው ጠርዝ ሁሉ እኩል የተሳለ ስለሚሆን አበባውን ከላይ የተለጠፈ ያስመስለዋል። ያለ መሸፈኛ ለመሥራት አንድ ችግር ይቀድማል፦ ወረቀቱ ከሁለቱም ወገን ከረጠበ የአበባው ቦታም እርጥበት ስለሚስብ ቀለሙ ወደ አበባው ቅጠል ሰርጎ ይገባል። ስለዚህ ዳራውን ሁለት ጊዜ ከፍለው ይሥሩት።

በመጀመሪያው ዙር ሰማዩንና የጎፍን ብቻ ይጣሉ፤ ወደ አበቦቹ አካባቢ ሲቃረቡ ቀለሙን እያሳሱ ነጭ ላይ እንዲያልቅ ያድርጉት፣ ሾልኮ የመጣ ካለም በተጨመቀ ብሩሽ ያንሡት። የተራራው ግርጌ በጭጋግ እንዲጠፋ ከፈለጉ ወዙ ሳይሞት ንጹሕና የተጨመቀ ብሩሽ ከታች በኩል በአግድም አንድ ጊዜ ይሳቡበት፤ ሁለተኛ አይድገሙት። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይተዉት። በሁለተኛው ዙር በአንዱ አበባ ዙሪያ ብቻ ይሠራሉ፦ ንጹሕ ውሃ በቀጭን ብሩሽ እስከ እርሳሱ መስመር ድረስ ወስደው የአበባውን ቅጠል ጠርዝ ተከትለው ያርጥቡ፤ አበባው ራሱ ደረቅ ይቀራል። ወደ ውጭ ደግሞ ውሃው ቀለሙ ከሚቆምበት አልፎ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ይስፋ። ቀለሙን ከአበባው ጥግ ሲያስነኩት በአበባው በኩል ጥርት ብሎ ይቆማል፤ በሌላው በኩል እየሳሳ ሄዶ ውሃው ዳር ሳይደርስ ያልቃል። ያረጠቡት ቦታ ጠባብ ከሆነ ቀለሙ ዳሩ ድረስ ይደርስና ያ የሚሸሹት ጠርዝ እንደገና ይወጣል፤ የብዙዎች ዳራ የሚበላሸውም በዚህ ቁጥብነት ነው። በደረቀው ንብርብር ላይ ውሃ ሲያለብሱ ለስላሳ ብሩሽ ይያዙ፣ በአንድ ሂደት ይለፉ፣ አይሹት።

ስለ ቀለሙ ብዙ የምለው የለም። ለየጎፍ አልትራማሪን ሰማያዊ ድምቀቱ በጥቂት በርንት ሲየና (ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ቀለም) ሲሰበር ጥሩ የሩቅ ግራጫ ይሰጣል፤ የሩቅ ተራራ በመካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚበትነው ወደ ሰማያዊ ያደላልና ሲየናውን አያብዙት። ፕሩሺያን ሰማያዊ እርጥብ ላይ እጅግ ስለሚስፋፋና ወረቀቱን ስለሚነክር፣ ሲሳሳቱ ለማንሣት ያስቸግራል። አንዳንዶች ዳራ ላይ ጨው መነስነስ ይመክራሉ፤ ጨው የሚሰጠው ነጫጭ ፍንጣቂ ነው፣ ጭጋግ አይሆንም።

አበባ ጎመን አንዴ ከወጣ፣ ወረቀቱ ቀዝቃዛ ሳለ የሚደረግ ማንኛውም ጥገና ያባብሰዋል። ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፤ ከዚያ ጥቁሩን መስመር ብቻ በእርጥብ ለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብለው አላልተው በሶፍት ይጫኑት፤ ሶፍቱን አይጎትቱት። በኋላ አካባቢውን ሁሉ አርጥበው ስስ ቀለም ቢደርቡበት አብዛኛው ይሸፈናል። የፀጉር ማድረቂያ የሚጠቀሙ ከሆነ ቆሞ የሚታይ ውሃ ሳለ አይክፈቱት፤ ነፋሱ ውሃውን እየገፋ ሌላ እድፍ ይሠራል። ደሴ መጥተው በክረምት ጉም ቢሠሩ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ወረቀቱ ቀዝቃዛው ደረጃ ላይ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ደረቀ ብለው የነኩት ሁሉ አበባ ጎመን ይሆንብዎታል፤ በእጅ ጀርባ መፈተኑ ይበልጥ የሚያስፈልገው ያን ጊዜ ነው።

ብሩሽን በተመለከተ፣ ለማርጠቢያ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጸጉረ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፤ ግድግዳ የሚቀባበት ብሩሽ ጸጉሩ ሻካራ ስለሆነ የወረቀቱን ፊት ይፍቃል። የሚያወጡት ገንዘብ ካለ ለወረቀት ያውሉት። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን፣ ከጥጥ የተሠራ ወረቀት ከስሱ የበለጠ ውሃ ስለሚይዝ የሥራ ጊዜዎን ያራዝመዋል፤ የተለመደው የድሮዊንግ ወረቀት ግን ሁለት ወገን ሲረጥብ ፊቱ ይላጣል። ከመግዛትዎ በፊት ቁራጭ ለምነው አንድ ጠብታ ውሃ ያኑሩበት። ወዲያው ሰርጎ በጀርባው ጠቁሮ ከታየ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጠብታው ለጥቂት ጊዜ ከላይ ቆይቶ በዝግታ ከሰረገ ይግዙት።