ውኃውን ማን ይቆጥረዋል? ለወጣቶች፣ ስለ ሐረማያና ስለ አቢጃታ

ልጆች፣ ሥራዬ ውኃ ነበር። ጉድጓድ፣ ምንጭ፣ ሐይቅ፣ ግድብ፤ ዕድሜዬ ያለቀው በእነዚህ ዙሪያ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እናንተ ስለ አካባቢ ጥበቃ የምትሉትን ግን በጉጉት እከታተላለሁ። ከልቤ ደስ ይለኛል። በእኛ ጊዜ በእናንተ ዕድሜ ይህን ጉዳይ የሚያነሳ ሰው ብርቅ ነበር።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ወሬው ሁሉ ወይ ስለ ችግኝ ነው፣ ወይ ስለ ዓለም ሙቀት። አንዱ በአንድ ቀን ዘመቻ የሚያልቅ ይመስላል። ሌላው ደግሞ ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ካልጨረሱት በስተቀር እኛ የማንደርስበት ይመስላል። መሀል ላይ ያለው ይረሳል። እኛው በገዛ እጃችን፣ በየቀኑ፣ በቂ ምክንያት ይዘን የምናደርገው ማለቴ ነው። የሐረማያን ሐይቅ የማነሳው ለዚህ ነው።

ሐረማያ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትሄዱ፣ ደንገጎን ወጥታችሁ አዴሌን ካለፋችሁ በኋላ ከመንገዱ ዳር የሚገኝ ሐይቅ ነው። ብዙዎቻችሁ ስሙን የምታውቁት በዩኒቨርሲቲው ነው፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው። ሐይቁ ለዓመታት ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ሰጥቷል። የሐረማያና የአወዳይ ከተሞች፣ ዩኒቨርሲቲውም ከእሱ ጠጥተዋል። ዓሣ ይጠመድበት ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ቀነሰ አላልኩም፤ ደረቀ። ትናንት ጀልባ በነበረበት ላይ ከብት ይግጥ ጀመር።

ማን አደረቀው? ወጣቶች ይህን ስትጠይቁ አንድ ጥፋተኛ ትፈልጋላችሁ። አይፈረድባችሁም፤ አንድ ክፉ ሰው ቢገኝ ነገሩ ይቀል ነበር። እዚያ ግን ክፉ ሰው አልነበረም።

ገበሬውን ተመልከቱት። ሐረርጌ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ መሬት ጠባብ ነው። ማሽላ ዘርቶ ልጅ ማስተማር አይቻልም። ጫት ግን ያስተምራል፣ ቤት በቆርቆሮ ያስከድናል፣ ታማሚ ሐኪም ቤት ያደርሳል። አወዳይ ገበያ አጠገቡ ነው፤ ከዚያ ጫቱ በዚያው ቀን ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ ይጫናል። የጫት ዋጋ የሚሰቀለው ደግሞ በበጋ ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ገበያው ላይ ጫት ያንሳላ። ስለዚህ በበጋ አጠጥቶ ለገበያ ያደረሰ ሰው አተረፈ ማለት ነው። አሁን ይህን ልብ በሉ፦ ሁሉም ሰው ከሐይቁ የሚስበው ሐይቁ አንድ ጠብታ በማያገኝበት ወር ላይ ነው። በዚያው ወር ፀሐዩም ይበረታል፣ ንፋሱም ይደርቃል፣ ከተማውም ውኃ ይጠማዋል።

ከተማው ደግሞ ሕዝቡ ጨመረ። ለሰው የመጠጥ ውኃ መስጠት ጥፋት አይደለም። ዩኒቨርሲቲውም ተማሪ ተቀበለ፤ እሱም ጥፋት አይደለም። ዙሪያውን ያሉት ኮረብቶች ለማገዶና ለእርሻ ተመነጠሩ። የራበው ሰው ተዳፋት ቢያርስ ምን ትሉታላችሁ? ተዳፋቱ ሲታረስ አፈሩ በክረምት እየታጠበ ወደ ሐይቁ ገባና ደለል ሆኖ ወለሉን ሞላው። ደለል የሚያደርገውን ብዙ ሰው አይገነዘበውም። ውኃው ያው ሆኖ ጥልቀቱ ሲቀንስ ወደ ጎን ይሰፋል። የሰፋ ውኃ ለፀሐይ ብዙ ፊት ይሰጣል፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይተናል። ሐይቁ ሰፊ መስሎ እየታየ ውስጡ ባዶ ይሆናል።

የሞተሩን ነገር ደግሞ ከቅርብ ላሳያችሁ። ገበሬው ሞተር የሚለው ያቺን በናፍጣ ወይ በቤንዚን የምትሠራ ትንሽ የውኃ ፓምፕ ነው። ውኃው ሲሸሽ መጀመሪያ ቱቦ ይቀጥላል። እንደገና ሲሸሽ እንደገና ይቀጥላል። ከዚያ ግን ተፈጥሮ አቁም የምትልበት ቦታ ይመጣል። እንዲህ ያለ ፓምፕ ውኃን ከታች ስቦ የሚያወጣው ቢበዛ ወደ 7 ሜትር ገደማ ነው። እንደ ሐረማያ ባለ ደጋ ላይ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ከዚያም ያንሳል። ታዲያ ገበሬው ምን ያደርጋል? ከሐይቁ እስከ ሞተሩ ቦይ ይቆፍርና ውኃውን ወደራሱ ይመራል። ያም ሲደርቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ሞተሩን ራሱን ወደ ታች ያወርደዋል። (ይህን የምታደርጉ ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ ጉድጓድ ውስጥ የሚነሳ ሞተር ጭሱ መውጫ ያጣል፣ ሰው ይገድላል።) ያ ሁሉ ቦይ፣ ያ ሁሉ ቱቦ በሐይቁ ዙሪያ ወደ አንዲት ኩሬ ሲዘረጋ፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያየው የራሱን ቱቦ ብቻ ነው። ሐይቁ ሁሉም ዕጣ የሚያወጣበት፣ ማንም የማይጥልበት እቁብ ሆነ።

ሐይቁ ሲደርቅ ሰው ሐይቁ የነበረበትን መሬት መቆፈር ጀመረ። መጀመሪያ ቅርብ ላይ ይገኝ ነበር፤ ቀስ በቀስ ራቀ። የሐይቁ ውኃና ከሥሩ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ ከላይ ቢቀዳም ከታች ቢቀዳም የሚጎድለው ያው አንዱ ውኃ ነው። ሐረር በበኩሏ ለዓመታት ተጠማች። ጀሪካን በሰልፍ፣ ውኃ በቦቴ። በመጨረሻ ከድሬዳዋ በኩል የከርሰ ምድር ውኃ ተቆፍሮ፣ ያን ሁሉ ዳገት በፓምፕ እየተገፋ እንዲመጣላት ተደረገ። ደጇ ላይ የነበረውን ውኃ ያጣች ከተማ፣ ቆላ ወርዳ፣ ለመብራቱ እየከፈለች ውኃ ታስመጣለች። ድሬዳዋ ራሷም የምትጠጣው ከርሰ ምድር ውኃ መሆኑን አትርሱ።

አንዳንዱ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ይላል። እኔ በዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። የአየር ንብረት ለውጥ እውነት ነው፣ አገራችንም ከድርሻዋ በላይ ትቀጣበታለች። ሙቀት ሲጨምር ትነትም ይጨምራል። ሐረማያ ላይ ግን ዝናቡ ይዋዥቅ ነበር እንጂ አልጠፋም። የጠፋው ሒሳቡን የሚይዝ ሰው ነው። በየዓመቱ ምን ያህል ይገባል፣ ምን ያህል ይወጣል፣ ማን ስንት ይወስዳል ብሎ የሚደምር፣ ደምሮም «እዚህ ላይ ይበቃል» የሚል አልነበረም። ሁሉን ነገር ለዓለም ሙቀት መስጠት ከዚህ ሥራ መሸሻ እንዳይሆንባችሁ እፈራለሁ።

ሐረማያ ብቻውን ቢሆን እድል ነው ባልኩ። በስምጥ ሸለቆ ያለውን የአቢጃታን ሐይቅ ተመልከቱ። መቂና ቀታር ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፣ ከዝዋይ ቡልቡላ ወንዝ ይወጣል፣ ቡልቡላ አቢጃታ ይገባል። አቢጃታ መውጫ የለውም። የሚኖረው ላይኞቹ ጠጥተው፣ አጠጥተው ባስተረፉት ነው። ባቱ (ዝዋይ የምንላት ከተማ) ዙሪያ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ የአበባ እርሻው ውኃውን ይስባል። አቢጃታ ዳር ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካ የሐይቁን ውኃ በገንዳ እያተነነ ሶዳ ሲያወጣ ኖሯል። ዙሪያውን ያለው ግራር ከሰል ሆነ፤ በአዋሳ መንገድ የሄደ ሰው በማዳበሪያ ተሞልቶ ለሽያጭ የተደረደረውን ያውቀዋል። ሐይቁ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ርቀት ሸሸ። የቀረው ውኃ ጨውና ሶዳው በረታበት፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አለቀ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነኝ የፔሊካኖቹ ነገር ነው። ጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ በጣም ጥልቅ ነው፣ ከ250 ሜትር ያልፋል፤ ነገር ግን የሚበላ ዓሣ የለበትም ማለት ይቻላል። ደሴት ግን አለው። ፔሊካኖቹ ሰውና አውሬ በማይደርስበት በዚያ ደሴት ላይ ጎጆ ይሠሩ ነበር፣ ምግባቸውን ደግሞ ተሻግረው ከአቢጃታ ያመጡ ነበር። አንዱ ሐይቅ መኝታ ቤት፣ ሌላው ማጀት። የአቢጃታ ዓሣ ሲያልቅ ለጫጩቶቻቸው የሚሆን ዓሣ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መብረር ግድ ሆነባቸው። ባቱ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው ልጅ ሻላ ደሴት ላይ ስላለች ጫጩት በምን ያውቃል? ሊያውቅ አይችልም። ለዚህ ነው ማወቅ ሥራው የሆነ ሰው የሚያስፈልገው፣ ያ ሰው ደግሞ ከእናንተ መካከል እንዲወጣ የምፈልገው።

ሕግ የለም እንዳትሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 አለ። ፈልጋችሁ አንብቡት፣ ረጅም አይደለም። ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ከሁሉ በፊት ለመጠጥና ለቤት ይላል። ውኃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፣ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድና ባህላዊ መስኖ ሲቀር። ይህ ለድሃው ታስቦ የተደረገ ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን በእጅ የተቆፈረው ጉድጓድ ላይ ሞተር ሲቀመጥበት፣ እሱም በአንድ ቀበሌ በየማሳው ሲሆን፣ ድምሩ ትልቅ የመስኖ እርሻ ያህላል። እያንዳንዱን ለየብቻው ብታዩት ግን ምንም የሚያስጠይቅ ነገር የለበትም። እዚህ ክፍተት ላይ ሕግ የምትማሩ ልጆች ብትጽፉበት፣ ብትከራከሩበት እወዳለሁ።

ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ ውኃ ይመለሳል። በትግራይ ውቅሮ አጠገብ አብርሃ ወ አጽብሃ የምትባል መንደር አለች። ምድሯ ተራቁቶ ሰው በሠፈራ ሊነሳ ነው ተብሎ ነበር። ነዋሪው ተስማማና ተራራውን ከልቅ ግጦሽ ከለለ፣ እርከን ሠራ፣ ጎርፉ ፈሶ እንዳይሄድ ወደ መሬት የሚያሰርጉ ኩሬዎች ቆፈረ። የጉድጓዶቹ ውኃ ወደ ላይ ወጣ። በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚያዘጋጀውን የኢኳተር ሽልማት አገኙ። ችግኝም ተክለዋል፣ ግን በችግኝ ብቻ አልሆነም። ከሁሉ የከበደው ከብቱን ከተራራው ላይ ማውረድ ነበር፤ በየቤቱ የሚነካ ጉዳይ ነዋ። እናንተም ሐምሌ ላይ ችግኝ ስትተክሉ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ጥር ላይ ማን ያጠጣዋል? ፍየሏንስ ማን ይይዛታል?

አንድ ሥራ ልስጣችሁ፣ ገጠር ላላችሁ። ብር አይጠይቅም። የሰፈራችሁን አንድ ጉድጓድ ምረጡ። ጠንካራ ገመድ አምጡና በየሜትሩ ቋጠሮ ሥሩበት፣ ጫፉ ላይ ንጹሕ ብረት እሰሩ። ማለዳ፣ ማንም ሳይቀዳ፣ ሞተርም ሳይነሳ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ውኃውን ሲነካ ድምፁን ትሰሙታላችሁ። ከአፉ እስከዚያ ስንት እንደሆነ ለክታችሁ ከቀኑ ጋር ደብተር ላይ ጻፉ። በየወሩ በተመሳሳይ ቀን ድገሙት። ማለዳ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከተቀዳ በኋላ ብትለኩ ውኃው ለጊዜው ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ልኬቱ ያሳስታችኋል። ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ያለው ደብተር ይዛችሁ ወረዳ ብትገቡ ማንም «ወሬ ነው» ብሎ አይመልሳችሁም። ባለሙያ ስሆን ከምንም በላይ ይቸግረኝ የነበረው እንዲህ ያለ ደብተር ማጣት ነው።

አዲስ አበባ ያላችሁም ነፃ አይደላችሁም። የምትጠጡት ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳ ግድብና ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። ሮቶው እስኪሞላ ወረፋ የምትጠብቁበትን ምክንያት ለማወቅ አንድ ቅዳሜ ለገዳዲ ሂዱና ክረምት ላይ የሚገባውን ውኃ ቀለም እዩት። ያ ቀይ ነገር የገበሬ ማሳ ነው።

ሐረማያ ላይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃ ተመልሷል። ዜናውን ስሰማ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። ጫቱ ግን አለ፣ ሞተሩም አለ፣ የከተሞቹ ሕዝብ ደግሞ ያኔ ከነበረው በዝቷል። የሐረማያ፣ የአወዳይ፣ የአዴሌ ልጆች፣ ከመጪው በጋ በፊት ሽማግሌዎቹን፣ ገበሬዎቹን፣ የወረዳውን ውኃ ጽሕፈት ቤት አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ዩኒቨርሲቲው አጠገባችሁ ነው፤ ባለሙያ ጥሩ። አጀንዳው አንድ ብቻ ይሁን፦ ውኃው የትኛው ምልክት ላይ ሲደርስ ነው ሞተር ሁሉ የሚቆመው?