የፍራይ ብሬድ ሊጥ አይታሽም

እህቴ፣ «የናቫሆዎችን ጥንታዊ ጥብስ ቂጣ ቤቴ ሞከርኩ፤ ውጪው ደረቀ፣ ውስጡ ዘይት ጠጣ፤ የጎደለው እርሾ ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እርሾ አይደለም። የናቫሆዎቹ፣ የእነዚያ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ጥብስ ቂጣ (ፍራይ ብሬድ) በቤኪንግ ፓውደር ነው የሚነፋው። እኔ እዚህ አሜሪካ፣ ፊኒክስ ከተማ አብራኝ የምትሠራ ናቫሆ ሴት ናት ያሳየችኝ። አሁን ልጆቼ ከፓስቲ አስበልጠውታል።

መጠኑ ይኸውልሽ፦ 3 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 ኩባያ ከሩብ ለብ ያለ ውሃ። ውሃውን ባንዴ አትገልብጪው፤ ዱቄት ሁሉ እኩል አይጠጣም። የዱቄት ወተት የሚጨምሩበትም አሉ፤ ቶሎ ቀላ ይላል። ኮሎራዶ፣ ኮርቴዝ ከተማ የሚፈጨው ብሉ በርድ ዱቄት ካልሆነ ሞተን እንገኛለን የሚሉም ሞልተዋል። ካጣሽው ግን ተራው ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኛ የዳቦ ሊጥ የምናሸው ክንዳችን እስኪዝል ነው አይደል? እዚህ ያ ልማድ ነው የሚጎዳሽ። ብዙ የታሸ ሊጥ ሲጠበስ ይጠነክራል። ዱቄቱና ውሃው እንደተያያዙ እጅሽን አንሺ። ትንሽ ቢጣበቅ አትጨነቂ፣ ዱቄትም አትጨምሪበት። ሸፍነሽ ግማሽ ሰዓት አሳርፊው። ከዚያ የእንቁላል ያህል እየቆረስሽ፣ ከመዳፍ ወደ መዳፍ እያገላበጥሽ ጠርዙን በቀስታ ሳቢው። መዳመጫ አያስፈልግም። መሃሉን በጣትሽ ቀደድ አድርጊው፤ ዘይቱ በዚያ ስለሚወጣ መሃሉ ጥሬ አይቀርም።

ዘይት የጠጣብሽ ደግሞ ዘይቱ በደንብ ስላልጋለ ይመስለኛል። 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መድረስ አለበት። መለኪያ ከሌለሽ ቁንጥር ሊጥ ጣይበት፤ ወዲያው አረፋ እያወጣ ካልተንሳፈፈ ታገሺ። አንድ በአንድ ጥበሺ፤ ብዙ ከደረደርሽ ዘይቱ ይበርዳል። ለአንዱ ጎን አንድ ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። ብዙ ናቫሆዎች በአሳማ ስብ ነው የሚጠብሱት። እኔ ቤት እሱ አይገባም፣ በምግብ ዘይት ነው የምሠራው። ወተቱን ከተውሽው ደግሞ ለጾም ይሆናል።

«ጥንታዊ» ያልሽውን ግን ለናቫሆ ጎረቤት እንዳትደግሚው። የጥንቱ እህላቸው በቆሎ ነው። የአሜሪካ ጦር በ1864 ከአገራቸው አፈናቅሎ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቦስክ ሬዶንዶ እስከሚባል ቦታ በእግር ነዳቸው። እስከ 1868 እዚያ ታግተው ኖሩ። በራሽን የሚሰጣቸው ዱቄት፣ ጨው፣ ስኳርና ስብ ነበር፤ ፍራይ ብሬድም ከዚያ እንደተወለደ ይተርካሉ። ስለዚህ ዛሬም ያከራክራቸዋል። አንዱ የግዞት ምግብ ነው፣ ስኳር በሽታ ያመጣብናል ይላል፤ ሌላው ያለ እሱ ድግስ አይደግስም። የሥራ ባልደረባዬ ሁለቱንም ትላለች፣ ትበላለችም።

አቀራረቡ እንደ ፍላጎትሽ ነው። በትኩሱ ማር ማፍሰስ ትችያለሽ። ወይም ባቄላ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲምና አይብ ከላይ ከምረሽበት ናቫሆ ታኮ ይሆንልሻል፤ ለእራት ይበቃል። በጾም ባቄላውን በቃሪያ ነው የማቀርበው።

ሲያድር ስለሚደርቅ የምትበሉትን ያህል ብቻ ጥበሺ። የተረፈውን ሊጥ ሸፍነሽ ፍሪጅ አስገቢና ለነገ ቁርስ አድርጊው።