የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ናይሮቢ፣ አሩሻና ዛንዚባር በ10 ቀን

ጥያቄ

የተከበራችሁ የመጽሔቱ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ከባለቤቴና 67 ዓመት ከሞላቸው እናቴ ጋር ወደ ጎረቤት አገሮች ለመጓዝ ስንቆጥብ ቆይተን አሁን አቅማችን የፈቀደ ይመስለናል። እናቴ ባሕር አይተው ስለማያውቁ ያን ማሳየት ዋናው ምኞቴ ነው። ያሰብነው ከትንሣኤ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ናይሮቢ ገብተን፣ በአውቶቡስ ወደ ሞምባሳና ወደ ዳሬሰላም፣ በጀልባ ወደ ዛንዚባር ሄደን፣ በአሩሻ በኩል በአውቶቡስ ናይሮቢ ከተመለስን በኋላ በአውሮፕላን ወደ አገራችን ለመግባት ነው። የባለቤቴ የአክስት ልጅ በበረራው ዕለት ሌሊት ከቤታችን አንሥቶ በመኪናው ቦሌ ሊያደርሰን ቃል ገብቶልናል። ናይሮቢ ላይ መኪና ተከራይተን ራሳችን ብንነዳስ? ለሁለቱ አገሮች፣ ለኬንያና ለታንዛኒያ፣ አንድ ቪዛ ይበቃል? ዕቅዳችንን አይታችሁ ብታርሙልን።

መምህርት፣ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ

መልስ

ካሰቧቸው ከተሞች ሁለቱን፣ ሞምባሳንና ዳሬሰላምን፣ እንዲተዉ እመክርዎታለሁ። ዕቅድዎ እንዳለ ቢፈጸም በየብስ ብቻ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛላችሁ፤ ይህም ከ10ሩ ቀን አራቱን ያህል በአውቶቡስ ወንበር ላይ ማሳለፍ ማለት ነው። ለወጣት ይቻል ይሆናል፤ ለእናትዎ ግን ከባድ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ክፍል ነው። ከዛንዚባር በጀልባ ዳሬሰላም፣ ከዳሬሰላም አሩሻ፣ ከአሩሻ ናይሮቢ ተመልሶ ለአውሮፕላን መድረስ ማለት የጉዞውን አድካሚ ክፍል በሙሉ መዘግየት ከማይችለው በረራ ፊት መደርደር ነው። አንዱ ጀልባ ወይም አንዱ አውቶቡስ ቢቀር የመመለሻ ትኬታችሁ አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ የሄዳችሁበትን መንገድ መልሳችሁ የማትረግጡበትን ዕቅድ አቀርባለሁ። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ይግቡ፤ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከናይሮቢ በናማንጋ ድንበር በኩል አሩሻ በአውቶቡስ ይሂዱ፤ ርቀቱ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከድንበሩ ቆይታ ጋር አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ይወስዳል። ከአሩሻ አካባቢ በአገር ውስጥ በረራ ወደ ዛንዚባር ተሻግረው፣ ባሕሩን ካዩ በኋላ ከዚያው ከደሴቱ ወደ አዲስ አበባ ይመለሱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ናይሮቢም ዛንዚባርም ስለሚበር፣ በአንዱ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ትኬት በአንድ ግዢ ማግኘት ይቻላል። ትኬት ሲቆርጡ ተራውን የደርሶ መልስ ምርጫ ትተው ባለ ብዙ መዳረሻ የሚለውን ይምረጡ፤ በትኬት ቢሮ የሚገዙ ከሆነም ይህንኑ ለሠራተኛዋ ይንገሯት። ሁለት የአንድ መንገድ ትኬቶችን ለየብቻ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ይበዛል፤ የመመለሻ ትኬት ለሚጠይቅ የድንበር ሹምም አንዱን ወረቀት ማሳየት ይቀላል።

ከአሩሻ ወደ ዛንዚባር የሚወስደው በረራ ግን በሌላ ድርጅት ትኬት የሚገዛ ስለሆነ፣ ቢዘገይ ዋናው አየር መንገድ አይጠብቃችሁም። በዚህ ምክንያት ከጉዞው መካከል እንዲውል አድርጌዋለሁ፤ ከእርሱ በኋላ ደሴቱ ላይ ሦስት ሌሊት ስላላችሁ አንድ ቀን ቢስተጓጎል እንኳ የሚጎድለው የባሕር ዳር ቆይታ ብቻ ነው። በዚያ መስመር ትንንሽ አውሮፕላኖችም ስለሚበሩና አንዳንዶቹ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ገደማ ብቻ ስለሚፈቅዱ፣ ትልልቅ ሻንጣ ከቤት ባይነሣ ይመረጣል።

ስለ ወራቱም ሐሳብዎን እንዲለውጡ እለምናለሁ። ከትንሣኤ በኋላ ያለው ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘልቀው ረጅሙ ዝናብ የሚጥልበት ነው፤ በዛንዚባርም ብርቱ ዝናብ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው። እናትዎ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ባሕር በዝናብ መጋረጃ ውስጥ ሊያዩት አይገባም። እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ እዚያ ደረቁ ወቅት ይሆናል፤ እርስዎም መምህርት ስለሆኑ ትምህርት ቤት ይዘጋልዎታል። እናትዎ ጾም የሚያጠብቁ ከሆነ ደግሞ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ከተፈታ በኋላ ፍልሰታ ነሐሴ 1 እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ነጻ ነው። እኔ ብሆን ከሐምሌ 10 እስከ ሐምሌ 25 ባለው ውስጥ እጓዝ ነበር። ይህ ወቅት የውጭ አገር ጎብኚ የሚበዛበት ስለሆነ ማረፊያና ትኬት ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። ናይሮቢ በሐምሌ ይቀዘቅዛል፤ ለደብረ ብርሃን ሰው የሚያስፈራ ብርድ ግን አይደለም።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ እንለፍ፤ ብዙ ጉዞ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቪዛ ለሁለቱ አገሮች አይበቃም። የምሥራቅ አፍሪካ የጋራ የቱሪስት ቪዛ የሚባለው ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን ብቻ ያጠቃልላል፤ ታንዛኒያ የለችበትም። ኬንያ ከኢትዮጵያ ጋር ባላት ስምምነት ለኢትዮጵያውያን ቪዛ አትጠይቅም፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ አሠራር ጀምራ ከዚያ ወዲህም ደንቡን ስላሻሻለች፣ ትኬት በሚቆርጡበት ሳምንት የኬንያን መንግሥት ድረ ገጽ ይመልከቱ። ለታንዛኒያ አስቀድሞ በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቷ ድረ ገጽ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ያው ቪዛ ለዛንዚባርም ያገለግላል። መልሱ ሊዘገይ ስለሚችል ማመልከቻውን ከሁሉ አስቀድመው ያስገቡ፤ ቪዛው ሳይፈቀድ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አይግዙ። ከዚህ በተጨማሪ ዛንዚባር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚዎች የደሴቱን የራሱን የጉዞ መድን እንዲገዙ ታስገድዳለች፤ ዋጋው ለአንድ ትልቅ ሰው 44 ዶላር ተብሎ የተደነገገ ሲሆን ከመነሣት በፊት በኢንተርኔት ይከፈላል።

ማመልከቻ ሲሞሉ ስምን በልማድ አይጻፉ። የሦስታችሁንም ፓስፖርት ፎቶ ያለበትን ገጽ ገልጠው ከታች በተከታታይ ምልክቶች የተሞሉትን ሁለት መስመሮች ይመልከቱ፤ የድንበር መሣሪያ የሚያነበው እነርሱን ነው። በመጀመሪያው መስመር ከአገር መለያው ቀጥሎ ያለው የቤተሰብ ስም ተብሎ የተመዘገበው ነው፤ ከሁለቱ ተከታታይ ቀስት መሰል ምልክቶች በኋላ የሚመጣው ደግሞ የተጓዡ ስም ነው። በቪዛውም፣ በአውሮፕላን ትኬቱም፣ በመድኑም ላይ ስሙ ፊደል በፊደል እንዲሁ ይጻፍ። የእናትዎ ስም በአንዱ ወረቀት ላይ አንድ ፊደል ጨምሮ በሌላው ቀንሶ ቢገኝ ችግሩ የሚገለጠው ቦሌ መፈተሻው ፊት ነው። የፓስፖርቱ ቀሪ ዘመንም ከስድስት ወር ያላነሰ ይሁን።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የግድ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ከሚችሉ አገሮች ስለምትቆጠር ካርዱን ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያም ናማንጋም ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ካርዱ ተቀባይነት የሚያገኘው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን፣ አንዴ ከተከተቡ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ይሁንና ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተቡ የጎንዮሽ ጉዳቱ ሊከብዳቸው ስለሚችል፣ እናትዎ አስቀድመው ሐኪም ዘንድ ቀርበው የሚወስዱትን መድኃኒትና የጤና ታሪካቸውን ሊያስረዱ ይገባል። ሐኪሙ ክትባቱ አይስማማቸውም ካለ በጽሑፍ የሕክምና ማረጋገጫ ይቀበሉ። በዚያው ቀጠሮ ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒትም ይጠይቁ። 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ለኖረ ደገኛ የዛንዚባር ወባ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሦስታችሁም ያስፈልጋችኋል።

ከደብረ ብርሃን በሌሊት ተነሥቶ በቀጥታ ቦሌ መድረስ የሚለውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ይተዉት። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም በክረምት ሌሊት ከጫጫ እስከ ሸኖ ባለው ሜዳ ላይ ጉሙ ዓይን ያሳጣል፤ ከዚህም በላይ በአሁኑ ወቅት በአካባቢያችን መንገድ ሳይታሰብ ሊዘጋ ስለሚችል በሌሊት መንዳት ተገቢ አይደለም። የባለቤትዎ የአክስት ልጅ ከበረራው አንድ ቀን በፊት፣ በጠዋት፣ የመንገዱን ሁኔታ አጣርቶ ያድርሳችሁና አዲስ አበባ ከዘመድ ቤት እደሩ። ይህን ጽሑፍ ከደብረ ሲናና ከሸዋ ሮቢት የሚያነቡ ደግሞ ታርማበርን በሐምሌ ማለዳ መውጣት ምን እንደሚመስል ያውቁታልና ሁለት ቀን ቀድመው ቢነሡ ይሻላቸዋል።

የበረራውን ቀን ስታነቡ ሌሊቱን ልብ በሉ። ሐምሌ 10 በትኬቱ ላይ ጁላይ 17 ሆኖ ይመጣል፤ ይህን ብዙ ሰው አይስተውም። የሚሳተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሣ በረራ ነው። ሐሙስ 00፡45 ተብሎ የታተመ በረራ በእኛ አነጋገር ረቡዕ ሌሊት 6፡45 ይነሣል፤ ስለዚህ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ ረቡዕ ከምሽቱ 3፡45 ነው። ኬንያና ታንዛኒያ ከእኛ ጋር በአንድ የሰዓት ቀጠና ውስጥ ናቸው፤ በስዋሂሊም ሰዓት እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ይቆጠራል። የአውቶቡሱ ረዳት በቃል ጠዋት ሁለት ሰዓት ያለው በወረቀት ላይ 08፡00 ተብሎ ይጻፋል።

ናማንጋ ላይ የሁለቱ አገሮች የድንበር ሥራ በአንድ ስፍራ ይከናወናል። ከአውቶቡሱ ስትወርዱ የእጅ ቦርሳችሁን፣ ፓስፖርቱንና የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ውረዱ፤ የአውቶቡሱንም ሰሌዳ በስልክ ፎቶ አንሡት፤ እዚያ የሚቆሙት ሚኒባሶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። በመጀመሪያ የኬንያን መውጫ ማኅተም፣ ቀጥሎ የታንዛኒያን መግቢያ ማኅተም አስመቱ፤ የመግቢያው ማኅተም ቀን በትክክል መታተሙንም መስኮቱን ሳትለቁ እዩ። በዙሪያው ገንዘብ እንመንዝር የሚሉ ሰዎችን እለፏቸው። እናትዎ ለመንገድ የሚሰንቁትን ቆሎና ዳቦ ቆሎ በፌስታል አይቋጥሩት፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017፣ ታንዛኒያም ከ2019 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክለዋል፤ ክልከላውም መንገደኛን ይጨምራል። በጨርቅ ከረጢት ያድርጉት።

መኪና ተከራይቶ ራስን መንዳት አይበጃችሁም። በሁለቱም አገሮች የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ የተከራዩትን መኪና ድንበር ለማሻገርም የአከራዩ ፈቃድና የመድን ወረቀት ያስፈልጋል። መኪናውን ከነሾፌሩ ለአንድ ቀን መከራየት ግን እጅግ ይጠቅማል። ናይሮቢ ላይ በከተማዋ ዳር ወዳለው ብሔራዊ ፓርክ፣ አሩሻ ላይ ደግሞ በቅርቡ ወዳለው የአሩሻ ብሔራዊ ፓርክ ያድርሳችሁ። በዱር አራዊቱ የታወቀውን የንጎሮንጎሮን ፓርክ ለመጨመር ልብዎ ይነሣሣ ይሆናል፤ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ለእናትዎ ስለሚበዛ እኔ አላስገባውም። ሰማዩ ከጠራ ኪሊማንጃሮን በማለዳ ያዩታል።

ሌሊቶቹን ስንከፍላቸው አዲስ አበባ አንድ፣ ናይሮቢ ሁለት፣ አሩሻ ሦስት፣ ዛንዚባር ሦስት፣ ሲመለሱም አዲስ አበባ አንድ ይሆናል። በ11ኛው ቀን ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ሄዳችሁ የደብረ ብርሃኑን መኪና ትይዛላችሁ። ዛንዚባር ላይ ከሦስቱ ሌሊት አንዱን ስቶን ታውን በሚባለው በጥንታዊው የከተማው ክፍል፣ ሁለቱን በባሕሩ ዳርቻ እደሩ። የደሴቱ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በከተማው ውስጥ ጨዋ አለባበስ ይወደዳል፤ የእናትዎ ቀሚስና ነጠላ በዚያ እንደ ክብር ይታያል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ባንክ ለመንገደኛ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ሲቀርብ ስለሆነ ከመነሣታችሁ ከሳምንት በፊት ጠይቁ፤ ዶላሩን ስትቀበሉም እ.ኤ.አ. ከ2006 በፊት የታተመ ወይም የተቀደደ ኖት ካለ አስቀይሩ፤ በታንዛኒያ አይቀበሏችሁም።

የታንዛኒያ ቪዛ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልደረሰ ጉዞውን አይሰርዙት። በዚያን ጊዜ አሩሻንና ዛንዚባርን ትታችሁ፣ ናይሮቢ በአውሮፕላን ገብታችሁ፣ 480 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ወይም በባቡር ወደ ሞምባሳ ውረዱና ከዚያው ከሞምባሳ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ተመለሱ። በባቡር ከሄዳችሁ የጻቮን ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ በመስኮት እያያችሁ ታልፋላችሁ፤ እናትዎም የሚያዩት ያንኑ የሕንድ ውቅያኖስ ነው።